የማዳጋስካር የመጨረሻዋ ንግሥት፦ ዙፋኑ እንዴት ከእጃቸው ወጣ?

መስከረም 1888 ዓ.ም. ለእኛ የክተት አዋጅ ወር ነው። አጼ ምኒልክ ወደ ሰሜን ለመዝመት ነጋሪት ያስጎሰሙበት። በዚያው ወር፣ በ20ኛው ቀን፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለ ሌላ የአፍሪካ መንግሥት ዋና ከተማው በፈረንሳይ መድፍ ተደብድቦ እጁን ሰጠ። ከተማዋ አንታናናሪቮ ናት፤ አገሩ ማዳጋስካር። የያኔዋ ንግሥት ራናቫሎና 3ኛ ገና 33 ዓመታቸው ነበር።

ዓድዋን ስናነሳ በዚያው ዓመት የተሸነፉትን እምብዛም አናስታውስም። የእኚህን ሴት ታሪክ ማወቅ ግን ከምን እንደተረፍን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ነገሩ ትንሽ ውስብስብ ነው። ፈረንሳይ ከተማዋን ከያዘች በኋላ ንግሥቲቱን ወዲያው አላወረደችም። ዙፋናቸው ላይ አስቀምጣ ቆየች። ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በኋላ ነው በሌሊት አስወጥታ የወሰደቻቸው። ለምን ታገሰች? ለምንስ ሐሳቧን ቀየረች? ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ራናቫሎና በእጃቸው ብዙ ሥልጣን አልነበረም። ስማቸው ግን ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ስሙን የያዘ አገሩን ይይዝ ነበር።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ንግሥና ለአንዱ፣ ግዛት ለሌላው

ራናቫሎና የተወለዱት በ1861 ሲሆን የልጅነት ስማቸው ራዛፊንድራሄቲ ነው። ከንጉሣውያን ዘር ናቸው። የተማሩት የለንደን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ነው፤ ፕሮቴስታንት ክርስቲያንም ነበሩ። ወጣት ሳሉ አግብተው ባላቸው ቶሎ ሞተባቸው። በ1883 ንግሥት ራናቫሎና 2ኛ ሲያርፉ ዙፋኑ ለእሳቸው ደረሰ። ዘውዱን የጫኑት ልክ 22 ዓመት በሞላቸው ቀን ነው።

ዘውዱ ግን ብቻውን አልመጣም። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከራይኒላያሪቮኒ ጋር ነው የመጣው። ሰውየው ያኔ 55 ዓመታቸው ገደማ ነው። ከራናቫሎና በፊት የነበሩትን ሁለት ንግሥቶች በተራ አግብተዋል። አሁን ደግሞ ሦስተኛዋን አገቡ። ጋብቻው የፍቅር ጉዳይ አልነበረም፤ የመንግሥት አሠራር ነበር።

አሠራሩ የመጣው ከ1863ቱ ግልበጣ ነው። ያን ጊዜ ንጉሥ ራዳማ 2ኛ በገዛ ሹማምንታቸው እጅ ታንቀው ተገደሉ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ብቻውን እንዳይወስን ተደረገ። ዙፋኑ ላይ ሴቶች ተቀመጡ። ጦሩን፣ ግምጃ ቤቱንና የውጭ ጉዳዩን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያዙ። ሕዝቡ ግን የሚሰግደው ለንግሥቲቱ ነው። አዋጅ የሚነገረው በስማቸው፣ ግብር የሚከፈለው በስማቸው፣ ወታደር የሚምለው በስማቸው ነበር።

አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ይነገር። የዚህ መንግሥት ባለቤቶች በመካከለኛው ደጋ የሚኖሩት ሜሪናዎች ነበሩ። ደሴቲቱ ከራሷ ከፈረንሳይ ትሰፋለች፤ ሜሪናዎች ሁሉንም አይገዙም ነበር። የገዟቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ በውዴታ አልተገዙም። ባርነትም ነበር፤ ያውም በብዛት። ለንግሥቲቱ ማዘን ይገባል ብዬ ነው የምጽፈው፤ ግን አገራቸው ገነት ነበር አልልም።

ውል፣ ካሣ፣ ብድር

ፈረንሳይ ማዳጋስካርን ለምን ፈለገች? አንዱ ምክንያት ጎረቤቷ ሬዩኒየን ናት። ያቺ ትንሽ የስኳር ደሴት የፈረንሳይ ነበረች። እዚያ ያሉት ባለ እርሻዎች መሬት ጠቧቸው ትልቋን ደሴት ይመኙ ነበር። ፓሪስ ያሉት እንደራሴዎቻቸውም ሥራቸው መወትወት ሆነ። የማዳጋስካር ሕግ ደግሞ ለውጭ ሰው መሬት መሸጥን ይከለክላል። ዣን ላቦርድ የሚባል፣ ቤተ መንግሥቱን ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ፈረንሳዊ በ1878 ሞተና ወራሾቹ መሬቱን ጠየቁ። መንግሥቱ አልሰጥም አለ። የውርስ ክርክሩ የጦርነት ሰበብ ሆነ።

የፈረንሳይ መርከቦች በ1883 የማሃጃንጋንና የቶአማሲናን ወደቦች ደበደቡ። ራናቫሎና ዘውድ የጫኑት እንግዲህ ጦርነት መሀል ነው። ውጊያው ሁለት ዓመት ተጓተተና በታኅሣሥ 1885 ውል ተፈረመ።

ይህ ውል ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የውጫሌ ታላቅ ወንድም በሉት። በውሉ መሠረት ማዳጋስካርን በውጭ ጉዳይ የምትወክለው ፈረንሳይ ሆነች። አንድ የፈረንሳይ እንደራሴ አንታናናሪቮ ይቀመጣል። በሰሜን ጫፍ ያለው የዲዬጎ ስዋሬዝ ወሽመጥ ለፈረንሳይ ይሰጣል። ማዳጋስካር 10 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ትከፍላለች። የሞግዚት አስተዳደር የሚል ቃል ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ራይኒላያሪቮኒ ከመፈረማቸው በፊት ሠግተው ማብራሪያ ጠየቁ። የፈረንሳይ ተደራዳሪዎች የእንደራሴውን ጥበቃ ብዛትና የወሽመጡን ወሰን የሚገድብ ደብዳቤ ጻፉላቸው። አንታናናሪቮ ደብዳቤውን የውሉ አካል አድርጋ ያዘችው። ፓሪስ ደግሞ ደብዳቤውን አላውቀውም አለች። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ሁለቱ መንግሥታት አንዱን ውል ለየብቻ ሲያነቡ ኖሩ።

ከውሉ የባሰው ካሣው ነው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በ1886 ከአንድ የፓሪስ ባንክ 15 ሚሊዮን ፍራንክ ተበደሩ። አብዛኛው ተመልሶ ካሣ ሆኖ ለፈረንሳይ ገባ። መያዣው የዋና ዋና ወደቦች የጉምሩክ ገቢ ነበር። የአንድ አገር ዋና ገቢ ወደብ ላይ ከሆነና የወደቡን ገንዘብ አበዳሪው የሚወስደው ከሆነ መንግሥቱ በምን ይኖራል? በገበሬው ጫንቃ ነዋ። ድሮም የነበረው ያለ ክፍያ የሚሠራ የግዳጅ ሥራ በረታ። ወርቅ ቁፋሮ፣ ሸክም፣ ውትድርና፣ ሁሉም በግዳጅ ሆነ። ሰው ቀዬውን ጥሎ መጥፋት ጀመረ። አንዳንዱ ሽፍታ ሆነ። በንግሥቲቱ ስም የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ መከራ ሆነበት።

በ1890 ደግሞ እንግሊዝ ጀርባዋን ሰጠች። ራይኒላያሪቮኒ ዕድሜ ልካቸውን የተማመኑት በለንደን ነበር። ለንደን ግን ዛንዚባርን ፈለገች። ፈረንሳይ ዛንዚባርን ለእንግሊዝ ለቀቀች፤ እንግሊዝም ማዳጋስካር የፈረንሳይ ጥገኛ መሆኗን ተቀበለች። ንግሥቲቱን የጠየቀ የለም። የዛንዚባሩንም ሱልጣን እንዲሁ።

መንገዱ ላይ የቀሩት

በ1894 መጨረሻ ፈረንሳይ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ላከች። አንታናናሪቮ እምቢ አለች። በ1895 ጀነራል ዱሼን 15,000 ገደማ ወታደር ይዞ ማሃጃንጋ ላይ ወረደ።

ከቀደሙት ነገሥታት አንዱ፣ ራዳማ 1ኛ፣ «እኔ ሁለት ጀነራሎች አሉኝ፤ ጫካና ወባ» ብለው ነበር ይባላል። እውነትም ወባው ተዋጋ። ይህን ዘመቻ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሞቱት ሰዎች አሟሟት ብዙ ይናገራል።

የፈረንሳይ ጦር ስንቁን የሚያጓጉዘው በሺዎች በሚቆጠሩ ባለ ሁለት ጎማ የብረት ጋሪዎች ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ሲታሰብ መልካም ነው። ማዳጋስካር ውስጥ ግን ጋሪ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ወታደሩ ጠመንጃውን አስቀምጦ አካፋና ዶማ ያዘ። በቤትሲቦካ ወንዝ ቆላ፣ ረግረግ ውስጥ፣ በፀሐይ ሐሩር 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ለመቅደድ ተነሳ። አፈሩን በቆፈሩ ቁጥር ወባው ያዛቸው። ኪኒን በበቂ አልደረሰም። ከ15,000 ወታደሮች ከ5,000 በላይ አለቁ። በጥይት የሞቱት 25 ያህል ብቻ ናቸው። ጋሪውን እንዲነዱ ከአልጄሪያ የመጡት ካቢሎችም በገፍ ሞቱ፤ በዚያ ጦርነት ምንም ጉዳይ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ጠላት በበሽታ እንዲህ ካለቀ ማዳጋስካር ለምን ተሸነፈች? እውነቱ መራራ ነው። ጦሩ አልነበረም። መዝገብ ላይ ነበር እንጂ ሜዳ ላይ አልነበረም። ያለው ገንዘብ ከፍሎ ከውትድርና ይቀራል። የሌለው ተይዞ ይመጣል፤ ደመወዝ የለውም፣ ስንቅ የለውም፣ ሲመቸው ይጠፋል። መኮንኖቹ ወታደሩን ለግል ሥራቸው ያሠሩታል። ምሽጎች ተሠርተው ሳይዋጉ ተለቀቁ። ንግሥቲቱ ሕዝባቸውን ሰብስበው አገራችሁን አድኑ ብለው ተማጠኑ፤ ግን አሥር ዓመት ሙሉ በስማቸው የተገፈፈ ገበሬ በምን አንጀቱ ይዋጋ?

ዱሼን በመስከረም አጋማሽ ጋሪና መንገድ የሚለውን ነገር ተወው። የተረፉትን ጤነኞች መረጠ፤ 4,000 ገደማ ናቸው። ስንቁን በበቅሎ ጭኖ በፍጥነት ገሰገሰ። በሁለት ሳምንት ገደማ አንታናናሪቮን ከሚያዩት ኮረብታዎች ላይ ደረሰ። መስከረም 30 ቀን 1895 መድፎቹ በኮረብታው አናት ላይ ባለው ሮቫ በሚባለው ቤተ መንግሥት ላይ ተኮሱ። ጥይቱ ሰው የተሰበሰበበት ግቢ ውስጥ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ የንግሥቲቱ ሰንደቅ ወረደና ነጭ ጨርቅ ወጣ።

ከአምስት ወር በኋላ ዓድዋ ሆነ። ልዩነቱ የጀግንነት ብቻ አይመስለኝም። ምኒልክ ውጫሌን በ1893 አፍርሰው፣ መሣሪያ አከማችተው፣ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ጦር ይዘው ነው የወጡት። ማዳጋስካር ግን ጦርነቱን ገና ሳትጀምር ጉምሩኳን አስይዛ፣ ገበሬዋን አስመርራ ነበር።

የስሙ ጉዳይ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዱሼን ለንግሥቲቱ ያቀረበው ውል ቀላል ነበር። ፈረንሳይ የበላይ ትሆናለች፣ እርስዎ ዙፋንዎ ላይ ይቆያሉ። ራይኒላያሪቮኒ ተይዘው ወደ አልጀርስ ተጋዙ፤ በ1896 ክረምት እዚያው ሞቱ። ንግሥቲቱ ግን ቀሩ። ፈረንሳይ ያሰበችው ይህን ነው፦ ሕዝቡ የለመደው የንግሥቲቱን ትእዛዝ ነው፤ እኛ እናዛለን፣ እሳቸው ይፈርማሉ፣ አገሩ ዝም ይላል።

አገሩ ዝም አላለም። በኅዳር 1895፣ በንግሥቲቱ የልደት ቀን፣ ከዋና ከተማዋ በስተምዕራብ ገበሬዎች ተነሡ። አንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ከነባለቤቱና ከነልጁ ተገደለ። ዐመፁ በወራት ውስጥ ደጋውን አዳረሰ። ተዋጊዎቹ ነጠላቸውን በቀይ አፈር ስለሚነክሩ ሜናላምባ ተባሉ። ጥላቻቸው ለፈረንሳይ ብቻ አልነበረም። አገሩን ሸጡ ባሏቸው ሹማምንትም፣ በውጭ በመጣው ሃይማኖትም ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኖችን አቃጠሉ። ንግሥቲቱ ራሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ተዋጊዎች የሚምሉት በእሳቸው ስም ነበር። በአእምሯቸው ያለችው ንግሥት ቤተ መንግሥት ውስጥ ታግታ የተቀመጠች የአባቶች ዙፋን ወራሽ ናት።

ፈረንሳይ ችግሩ የገባት ያኔ ነው። ለአገዛዝ የሚያገለግል ስም ለዐመፅም ያገለግላል። ነሐሴ 1896 የፓሪስ ምክር ቤት ማዳጋስካርን በሕግ ቅኝ ግዛት አደረገ። በመስከረም የባርነት መጥፊያ አዋጅ ወጣ፤ ይህ ለብዙ መቶ ሺህ ሰዎች እውነተኛ ነፃነት ነበር፤ የሜሪና መኳንንትንም የኢኮኖሚ ጀርባ ሰበረ። በዚያው ወር ጀነራል ጋሊዬኒ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ገባ።

ጋሊዬኒ በመጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአደባባይ አስረሸነ። አንዱ የንግሥቲቱ አጎት ልዑል ራትሲማማንጋ ነው። ሌላው የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ራይናንድሪያማምፓንድሪ ነው፤ በ1880ዎቹ ጦርነት ቶአማሲና አካባቢ ፈረንሳዮችን ያቆመ ሰው። ክሱ ከሜናላምባ ጋር አሢራችኋል የሚል ነበር። ማስረጃው ደካማ ነበር፤ ፍርዱም በጥድፊያ የተሰጠ። አንድ ከንጉሣዊው ቤት፣ አንድ ከሹማምንቱ ተመረጠ። መልእክቱ ለንግሥቲቱ ነበር፤ ደርሷቸዋልም።

ሌሊቱ

የካቲት 27 ቀን 1897 ምሽት ላይ ንግሥቲቱ ከአገር እንደሚወጡ ተነገራቸው። የተሰጣቸው ጊዜ የሰዓታት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ በሸካሚዎች ትከሻ ላይ በሚያዝ ወንበር ተቀምጠው ወጡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸካሚዎችና የጥበቃ ወታደሮች አጅበዋቸው ወደ ቶአማሲና ወደብ ተጓዙ። ጉዞው አንድ ሳምንት ገደማ ፈጀ። ንግሥና መሻሩ የታወጀው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ጋሊዬኒ በቀን ሊያደርገው አልደፈረም፤ ስሙን ምን ያህል እንደፈራው ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

አንጀት የሚበላው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከንግሥቲቱ ጋር እህታቸውና የእህታቸው ልጅ ራዛፊናንድሪያማኒትራ ነበሩ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው፤ ከአንድ ፈረንሳዊ ወታደር አርግዛ ወሯ ገብቷል። በዚያ ሁኔታ በተራራ መንገድ፣ ከዚያም በመርከብ ተጓዘች። ሬዩኒየን እንደደረሱ ሴት ልጅ ወለደችና ሞተች። ሕፃኗ ማሪ ሉዊዝ ተባለች። ንግሥቲቱ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሕፃኗን እንደ ልጃቸው ወስደው አሳደጉ።

ሬዩኒየን ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። ከዚያም ፈረንሳይ ለአገራቸው ቅርብ ናቸው ብላ ሰጋች። በ1899 ወደ አልጀርስ አዛወረቻቸው፤ ባላቸው በግዞት ወደሞቱባት ከተማ።

አልጀርስ ላይ ቪላ ተሰጣቸው፣ አበልም ተቆረጠላቸው፤ መጀመሪያ በዓመት 25,000 ፍራንክ። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከፈረንሳይ ካዝና አይደለም፤ ከማዳጋስካር ቅኝ ግዛት በጀት ነው። አገራቸውን የቀማቻቸው ፈረንሳይ ናት፤ ለግዞታቸው የሚከፍለው የገዛ ሕዝባቸው። ይህን ሳነብ ደሜ ይፈላል።

ፓሪስን ለማየት ጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደላቸው በ1901 ነው። ጋዜጦች ተከተሏቸው፤ ቀሚሳቸውን፣ ባርኔጣቸውን ጻፉ። የፓሪስ ሰው ወደዳቸው። ከዚያ በኋላም እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ፈረንሳይን በተደጋጋሚ ጎበኙ፤ አበሉም በሕዝቡ ወሬ ምክንያት ጨመር ተደረገላቸው። አንድ ጥያቄ ግን አንድም ጊዜ አልተፈቀደም፤ ማዳጋስካርን ማየት። ፓሪስ ላይ ራናቫሎና መልካም ጠባይ ያላቸው እንግዳ ሴት ናቸው። አንታናናሪቮ ላይ ግን አሁንም ንግሥት ይሆናሉ። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ በሩ እንደተዘጋ ቆየ።

ግንቦት 1917 አልጀርስ ውስጥ በ55 ዓመታቸው አረፉ። እዚያው ተቀበሩ፤ ንብረታቸውም ተሸጠ። ዐፅማቸው ወደ አንታናናሪቮ ተመልሶ ሮቫ ውስጥ ያረፈው በ1938 ነው፤ ያኔም አገሩ በፈረንሳይ እጅ ነበር። ማዳጋስካር ነፃ የወጣችው በ1960 ነው።

ማሪ ሉዊዝ ፈረንሳይ ውስጥ ነርስ ሆና ኖረች። ልጅ ሳትወልድ በ1948 ሞተች።

በኅዳር 1995 ሮቫ በእሳት ጋየ። ከነገሥታቱ አፅሞች ሰዎች ከእሳቱ ማውጣት የቻሉት የራናቫሎናን ነው፤ በኋላ አምቦሂማንጋ በሚባለው በጥንቱ የነገሥታት ኮረብታ ተቀበሩ። በ2020 ፈረንሳይ ከንግሥቲቱ ዙፋን ድንኳን አናት ላይ የነበረውን ዘውድ፣ ፓሪስ ካለው የጦር ሙዚየም አውጥታ በውሰት መልክ ለማዳጋስካር ሰጠች። በዚያው ዓመት የማዳጋስካር መንግሥት ለንደን ላይ በጨረታ ከቀረቡት የንግሥቲቱ ዕቃዎች መሀል አንድ ቀሚሳቸውን በገንዘቡ ገዛ።